ከፊት የቆሙት ጃቤዝ ትራንተር

አቶ ጃቤዝ ትራንተር ከአባታቸው ከጀልባ ነጂው ከአቶ ኦበድ ትራንተርና ከእናታቸው ከሸማኔዋ ከወይዘሮ ኬዚያ ፕሪች እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1879 በግሎስተርሺር፣ በኔዘርኩም ሸለቆ ተወለዱ። ይህን ጽፌ በቀብራቸው ላይ የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ኢኖክ ነኝ። በሦስት ዓመት ቀደሙኝ፤ ከዚያ ወዲህም ያልቀደሙኝ ነገር የለም።

እስከ አሥራ ሁለት ዓመታቸው በጸሎት ቤታችን ትምህርት ቤት ተማሩ። ጽሕፈታቸው ያማረ ስለነበር መምህሩ አንዱን ገጽ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እኔ እዚያ ክፍል ስደርስም አልወረደም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያን ወረቀት ፊት ለፊቴ እያየሁ ተማርኩ፤ መማር ከተባለ።

በ1894 ባቡር ጣቢያ በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ፤ ቀጥሎም እሳት አንዳጅ ሆኑ። በ1905 ኩባንያው ተሳፋሪ ለማይበዛበት ለሸለቋችን መስመር ሙሉ ባቡር መመደብ አያዋጣም ብሎ የእንፋሎት ፉርጎ አመጣ። እንፋሎት የሚፈላበት ቦይለሩም ሰው መጫኛውም በአንድ ፉርጎ ውስጥ ሆኖ፣ በየእንጨት መድረኩ እየቆመ የሚሄድ ማለት ነው። ነጂነቱ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ለጃቤዝ ተሰጠ። "ወንድሜን ስጡኝ" ብለው ለምነው እኔን እሳት አንዳጅ አስደረጉኝ። አመስግኛቸው አላውቅም።

ያ ፉርጎ ፊቱን ማዞር አያስፈልገውም ነበር። ወደ ከተማ ስንወርድ ሁለታችንም ቦይለሩ ጋ እንቆማለን። ሽቅብ ስንመለስ ግን ጃቤዝ በሌላኛው ጫፍ ወዳለው የመስታወት ክፍል ይሄዱና እንፋሎቱን በረጅም ዘንግ ከዚያ ሆነው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ እጁን የሚያውለበልበው ለእሳቸው ነው። እኔ ከኋላ በጥላሸት ተለውሼ ከሰል አካፋለሁ። የምንነጋገረው በደወል ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ ከደወሉ "እንፋሎት አለ ወይ?" ማለታቸው ነው፤ ካለ አንዴ፣ ከሌለ ሦስቴ ደውዬ እመልሳለሁ።

በ1908 ከወይዘሮ ዶርካስ ፔግለር ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ዶርካስን ቀድሜ ያየኋት ግን እኔ ነኝ! በመዘምራኑ መካከል ከፊቴ ነበር የምትቆመው፤ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ሁለት ክረምት አለፈ። እሷ ደግሞ ከጨርቅ ፋብሪካው ወጥታ ብራምብል መቆሚያ ላይ ስትጠብቅ፣ ፉርጎው ሲመጣ የምታየው መስታወቱ ውስጥ የቆመውን ሰው ነው። በሰርጓ ቀን "አንተማ ኢኖክ፣ ከጥላሸቱ ስር ፊት እንዳለህም አላውቅ ነበር!" አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሰኔ 1909 ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ጃቤዝ የዚያን ቀን ፈተናውን ካለፉ በዋናው መስመር የፈጣን ባቡር ነጂ ይሆናሉ። የገበያ ቀን ስለነበር ፉርጎው ጢም ብሎ ሞልቷል። የብራምብልን ዳገት የሚያውቅ ያውቃል፤ እሳቱ አስቀድሞ ካልጋመ አይወጣም። ይህ የኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን አካፋዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ሁለት ጊዜ ደወሉ። አልመለስኩም። እንደገና ሁለት ጊዜ ደወሉ። አሁንም ዝም አልኩ። "እንፋሎት የለም" ብዬ ባስታውቅ ኖሮ መቆሚያው ላይ ቆመው እሳቱ እስኪግም ይጠብቁ ነበር። ዝምታዬን ግን፣ እኔን አምነው፣ ደወሉ ተበላሽቶ ነው አሉና ፉርጎውን አስነሱ። ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

የፋብሪካው ሴቶች በመስኮት ብቅ ብለው "ጋሼ ጃቤዝ፣ ወርደን እንግፋልዎ እንዴ?" እያሉ አላገጡ። ጃቤዝ በሐዲዱ ዳር በእግራቸው ወደ እኔ መጡ። የምድጃውን በር ከፈቱ፤ እሳቱን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ አካፋውን ከአጠገቤ አንስተው በዚያ በንጹሕ ኮታቸው ራሳቸው ከሰል ጨመሩ። ተቆጣጣሪው ደርሶ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስነሳ ቸኮልኩና እንፋሎቱን አባከንኩት" አሉ።

በፈተናው ወደቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ "የዳገቱ ጃቤዝ" ይላቸው ነበር። ዶርካስም ስትናደድ "ፈጣን ባቡር ሊነዳ ነው ተብዬ አግብቼ ዳገት ላይ ቀረሁ" ትላለች፤ እኔም ማዕዳቸው ላይ ተቀምጬ ድንቻቸውን እየበላሁ እሰማለሁ። ወንድሜ አንድ ቀን ቀና ብለው አላዩኝም። በቁጣ እንኳ አይተውኝ ቢሆን ምናለ! በትዕግሥትም በለጡኝ፤ ከሁሉ ይልቅ የቀናሁት በዚህ ነው።

በ1927 ቦይለሩ ወልቆ ፉርጎው ከኋላ በሎኮሞቲቭ እየተገፋ ይሄድ ጀመር። የኔ ክፍል ተቆርጦ ለብረት ገዢ ተሸጠ፤ የእሳቸው መስታወት ሳይነካ ቀረ። በ1944 ጡረታ እስከሚወጡ ድረስ እዚያው ከፊት ቆመው ሠርተዋል።

ባለፈው ኅዳር ልባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። ባለፈው ማክሰኞ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መናገር ስላቃታቸው ማንኪያ አንስተው የአልጋውን ብረት ሁለት ጊዜ መቱ። ዶርካስ "ውሃ ጠምቶት ነው መሰለኝ" አለች። እሳቸው እኔን እኔን እያዩ እንደገና ሁለት ጊዜ መቱ። "አዎ፣ ውሃ ነው" አልኩና ብርጭቆውን አቀበልኳቸው። ጠጡልኝ። ዓርብ የካቲት 6 ቀን 1953 ረፋድ ላይ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ጃቤዝ የአንዲት ሚስት ባል፣ የሁለት ሴቶች ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ አንድ ወንድምም ነበራቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዳገት በሌለበት አገር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

ዶርካስ፣ ውሃ አልነበረም የፈለገው። አንቺ ዳገት ላይ የቀረሽው በእኔ ነው። አሁን ከዚህ ስወርድ የሬሳ ሳጥኑን በጣቴ አንድ ጊዜ ብመታው አትደንግጪ፤ አርባ ሦስት ዓመት የዘገየ መልስ ነው።