በመዓዛ የሚመራው መንገድ፦ የአቶ ዳኘው አለልኝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳኘው ከአባታቸው ከአቶ አለልኝ ፈረደና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማረች ተገኝ በጎንደር፣ በወገራ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ተወለዱ። ኦሪትን ከቄስ እግር ሥር ቁጭ ብለው ሰሙ፤ የቀለም ትምህርታቸው ግን ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በ1975 ወይዘሮ ያለምወርቅን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በ1991 ቤተሰባቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ከዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከኡልፓን በኋላም ነስ ጺዮና ከተማ በሚገኝ የማሸጊያ ፋብሪካ ፔንስያ፣ ማለትም ጡረታ፣ እስኪወጡ ሠሩ። ሰው ሲናገር አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ይሰሙ ነበር።

በ2018 የወይዘሮ ያለምወርቅን ዓይን የስኳር ሕመም ወሰደው። ወይዘሮዋም እንደ ሕፃን በእጅ መመራት አልወድም ብለው ከቤት መውጣት ተዉ። አቶ ዳኘው በክርያት ሞሼ ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንፃ ጀርባ ያለችውን ባዶ ቦታ ጎረቤቶቻቸውን አስፈቅደው፣ ባለቤታቸው ብቻቸውን የሚወጡባት ትንሽ የአትክልት ቦታ ሊያበጁ ተነሡ። በ2021 ጸደይ በሶብላውን፣ ጤና አዳሙን፣ ናናውንና ጽጌረዳውን አጠጋግተው ተከሉ። ለዓይን ማለፊያ ነበር። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን መካከሉ ላይ ደርሰው መውጫው ጠፋባቸው። መዓዛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያወራ የማንን ልስማ ብለው በልጃቸው በሚሪ እጅ ተመለሱ።

አቶ ዳኘው ስሕተታቸው ወዲያው ገባቸው። አራርቀው ሊተክሉት ሙቀቱ እስኪበርድ ሲጠብቁ ግን መሬት የሚያርፍበት ሰባተኛው ዓመት፣ ሽሚታ ገባ። አንዱ ጎረቤት አበባ እኮ ነው፣ ነቅለው ቢተክሉት ምን አለው ቢላቸው፣ ኦሪት ያሳረፈውን እኔ አልቀሰቅሰውም አሉ። ዓመቱን ሙሉ እንዳይደርቅ ውኃ እያጠጡ፣ ጥቂት ቅጠል እየቀነጠቡ ባለቤታቸውን ያስሸትቱ፣ ያቀምሱ ነበር። ሲያማርሩ የሰማ የለም።

በ2022 ሽሚታው አብቅቶ የአዲስ ዓመት በዓላቱ ሲያልፉ ሁሉንም ነቅለው አራርቀው ተከሉት። ከደረጃው ሥር የጥብስ ቅጠል፣ ከመታጠፊያው በሶብላ፣ አለፍ ብሎ ጤና አዳምና ናና። ጽጌረዳውን ለብቻው፣ እሾሁ እጅ እንዳያገኝ ከመቀመጫው ኋላ አደረጉት። መንገዱም ለእግር እንዲታወቅ ጠጠር አፈሰሱበት። ጸደይ ሲመጣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ብቻቸውን ወረዱ። አቶ ዳኘው አላስችል ብሏቸው ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ተከተሉ። ወይዘሮዋ መታጠፊያው ላይ ቆም አሉና ፊታቸውን ሳይመልሱ፣

«ዳኙ፣ ሳሙናህ ከበሶብላው ቀድሞ ደረሰኝ። ተመለስ» አሉ።

ተመለሱ። ወይዘሮ ያለምወርቅም በሶብላውን ዳስሰው፣ የናና ቅጠል አኝከው፣ ጽጌረዳው ዘንድ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይወርዳሉ፤ ጎረቤቶችም ለሻይ ቅጠል ከዚያው ይቀጥፋሉ።

አቶ ዳኘው በጉበት ሕመም ለአንድ ዓመት ያህል ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2025 በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው ሐጋይና ሚሪ፣ ኢንባርን ጨምሮ አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል።

ወይዘሮ ያለምወርቅ አንድ ነገር ንገሩልኝ ብለዋል። ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲፈጸም ማንም እጃቸውን ይዞ ወደ አትክልቱ አያውርዳቸው፤ ከኋላም አይከተላቸው። መንገዱን ያውቁታል።

የእስራኤል አምላክ የአቶ ዳኘውን ነፍስ ከአባቶቻችን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ እሳቸውንም በዚያ መንገዱ አይጥፋቸው። አሜን።