ያስቆየሽኝ ክኒን

ለልጄ ልጅ፣ ለሚጡ፦

እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ያ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተሽ የሚያምሽ አንገትሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትነክሳችሁ? እኔ ጉልበቴን ከማማረሬ በቀር ደህና ነኝ። ምላሴን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ እሱን የሚይዘው በሽታ ገና አልተፈጠረም።

በይ ሰላምታው ይብቃን፤ የምጽፍልሽ ሆዴ አርሮ ነው።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን መምህሩ እየሮጠ መጣ። እማማ፣ ልጅዎ በትልቅ አዳራሽ ስለ ፓርኪንሰን ስታስተምር ስልኬ ላይ አገኘኋት አለኝ። አባባ ደስ ብሎት ኮቴን አልብሺኝ አለ፤ አንቺ የምታዪው ይመስል! አልብሼው አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረን አየንሽ። ስታምሪ! አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ፣ እሱን የሚሠሩት ሴሎች ሲሞቱ ሰው እንደልቡ መንቀሳቀስ ያቅተዋል ስትዪ መምህሩ ይተረጉማል፣ እኔ ደግሞ ይቺን እኮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ። ከዚያ ከኋላሽ ግድግዳውን ሞልቶ የኛ መታጠቢያ ቤት በር በፊልም መጣ።

በሩ ላይ አባባ ቆሟል። እግሩ መሬቱ ላይ ተጣብቆ፣ ለሃጩ እየወረደ። ያ ስንቱን ያለበሰ ልብስ ሰፊ፣ በረጠበ ሱሪ! ዓይኑን በጥቁር ሸፍነሽዋል። ምን ዋጋ አለው፣ የሰፈሩ ድመት እንኳ በአቋሙ ትለየዋለች። አይዞህ፣ አንድ እግር ብቻ የሚለውም ድምፅ የኔ ነው። አንቺ ደግሞ አያቴ አላልሽም። አንድ ታማሚ፣ መድኃኒት ሳይወስድ አልሽ። መምህሩ ይቺን ሲተረጉም አፉ ተሳሰረ።

አባባ አንቺን አላየም፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ያን ቀን ጠዋት ክኒኑ አልቋል፣ ፋርማሲው እስኪከፈት ታገሥ ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኛ! ለእረፍት የመጣሽ ጊዜ ወጥ ቤት ጠርተሽኝ፣ እማማ የጠዋቱን ክኒን አቆዪው፣ ያለ መድኃኒት ምን እንደሚመስል ቀርጬ ለሐኪም ላሳይለት ነው፣ እንዳትነግሪው፣ ካወቀ ይጨነቅና ውጤቱ ይበላሻል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ውጤቱ ይበላሻል! የሽማግሌው ሆድ ሲበላሽስ? ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው ሐኪሙ? እኔ ሞኟ ይበጀዋል ብዬ ክኒኗን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አብረን ስንኖር ጨው አበዛሽ ብሎኝ ያውቃል፤ ዋሸሽኝ ብሎኝ ግን አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከእጄ ክኒን አይቀበልም። ስሰጠው ዛሬ ደግሞ የት አዳራሽ ነኝ ይለኛል። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። መምህሩ ከሥራ ሲመለስ ከሱ እጅ ይውጣል፤ እስከዚያ እንደ ግንድ ተጋድሞ ነው። ትናንት እኔን ላለመጥራት ብቻውን ሊነሳ ሲል ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ክኒን ከሰዓቱ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርገው ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ክኒን ወስዶ ሲራመድ ደግሞ ቀርፀሽ ላኪልኝ ያልሽው መልእክት ደርሶኛል። አልልክም። ምርምርሽን ጠልቼ አይደለም፤ የሰው አባት ቢድንበት ደስታዬ ነው። ጠይቀሽው ቢሆን እኮ ራሱ እየተንገዳገደም ቢሆን ይራመድልሽ ነበር። አንቺን ምን ነፍጎሽ ያውቃል?

ፊልሙን ከሰቀላችሁበት አውርዱት። ከዚያ ለሱ ደውዪና እማማን ያታለልኳት እኔ ነኝ በዪው። እኔማ ነገርኩት፤ ሁለታችሁም አንድ አፍ ናችሁ አለኝ። ካንቺ ካልሰማ ከእጄ አይውጥም፤ እንዲህ ከቀጠለ ደግሞ ሌላ ቀን የሚሰበረው ወገቡ ነው።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። መምህሩም ሰላም ብሎሻል፤ ምነው ስልኬን በሰበረው እያለ ይቆጫል። የአባባን ሰላምታ ድሮ ሳልጠይቀው ነበር የምጽፍልሽ፤ ሰላም በያት ማለቱ አይቀርማ። ዛሬ ግን ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሞከረ፣ ሰውነቱ እምቢ አለው። እኔው ደግፌ አዞርኩት።

አያትሽ
ከቤታችን፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ
መጋቢት 12 ቀን