ፋጡ ከዘፋኞች መሀል የገባችበት ክረምት

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለኢፍቱ፣ ቤይሩት። አላህ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ፤ ከባሕሩ ብርድም ጭምር፣ ሹራብ እንደማትለብሺ አውቃለሁና። እኛ ደህና ነን፣ ላሟ ወልዳለች።

አሁን ወሬዬን ስሚ! በክረምቱ የዘፈን ጉባኤ ከጮሌው ሁሴኖ ጋር እንደ ወትሮው በግጥም ተሰዳደብን። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ መልስ ያጣ ሰው የአሸናፊውን ፈረስ እየሳበ በገበያው መሀል ያልፋል። ዓምና የሳብኩት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ብደግመው አሰላ ውስጥ ዳግም አልታይም ነበር። ሁሴኖ "ያ ሀሰኖ፣ ድምፅህ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል" ብሎ ሲዘፍንብኝ ቃል ጠፋኝ። ያኔ አያትሽ ፋጡ ሲንቄዋን፣ ያንን የሴቶች የክብር በትር፣ ይዛ መሀል ገባች። ወንዱ ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። እሷም ግጥሟን በእኔው ላይ አወረደችው፦

"ፈረሰኛ ነኝ ይላል ሰው ሲሰማው፣
ጭቃ ላይ ሲወድቅ እኔ ነኝ የማነሳው።"

ሽማግሌዎቹ "ከሀሰኖ ቤት የወጣ ነው፣ የእሱ መልስ ነው" ብለው ፈረዱ። ሁሴኖ ግን ሳቅ አንቆት መመለስ አቃተው፤ "የሚስትህ አፍ ጣለኝ!" እያለ ፈረሴን ሳበ።

አሁን ጉድ የፈላው እዚህ ነው፤ ፋጡ "ለከርሞ የምገጥመው ካንተ ጋር ነው" ብላለች። ልጄ፣ አላህ በሰላም ይመልስሽና ለከርሞ ነይልኝ፣ ከእኔ ጎን ቁሚ። የእሷን አፍ የወረስሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አያትሽ ሀሰኖ