የተጻፈበት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ እንደ አዲስ ልጀምር ነው፤ ግን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ከአባዬ ለቅሶ በኋላ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፊ" ስላለችኝ አንድ ወር ሙሉ ሳላቋርጥ ጽፌ ነበር። ዛሬ ደብተሩን ሳነሳው ቀለለኝ። የጻፍኩበት ገጽ ሁሉ ተገንጥሏል።

እማዬ መናኸሪያው በር ላይ ለውዝ ትሸጣለች። የምትጠቀልለው በተማሪዎች አሮጌ ደብተር ነው። ማንበብ አትችልም።

"የተጻፈበት አይፈለግም ብዬ ነው ልጄ። ንጹሑን ግን አልነካሁብሽም" አለችኝ፣ ደስ እንዲለኝ።

መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። ለውዙን የገዙት ተሳፋሪዎች ሄደዋል። አባዬ ታሞ ሳለ የነገረኝ ሁሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ መኪና በነዳበት በሚኤሶ መንገድ ላይ በመስኮት እየተጣለ ነው። በመጨረሻዋ ቀን ያለኝን ላስታውስ ሞከርኩ፤ ግማሹ የለም። ጽፌዋለሁ ብዬ ልቤን አሳርፌው ነበር።

ለውዝ የጠቀለለችበት ምን እንደነበር ለእማዬ አልነገርኳትም። እኔስ ወረቀት ላይ አራግፌዋለሁ፤ እሷ ብታውቀው የት ታራግፈዋለች?