የጋሼ ኬዝ

ቅዳሜ

"ኬዝ"ን ማስረዳት አቃተኝ። እኔ ዘሃራ፣ በየቅዳሜው ለሐበሻ ሴቶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ባይዋ! ትዕግሥት የምትባለው ተማሪዬ፣ ሰው ቤት የምትሠራው፣ "ቲቸር፣ ግን ኬዝ በትክክል ምን ማለት ነው?" አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ሻንጣ ሣልኩ። የስልኬን ከቨር አውልቄ አሳየሁ። ፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይም ኬዝ ነው፣ ሐኪም የሚያየው በሽታም ኬዝ ነው አልኩ። "ኢን ኬዝ" ደግሞ ምናልባት ብሎ መጠንቀቅ ነው፤ ባይዘንብም ጃንጥላ መያዝ። ካይሮ ላይ ጃንጥላ! ሳቁብኝ። ትዕግሥት አልሳቀችም። "እኛ ታዲያ የትኛው ነን?" አለች።

ምን ልበላት? እዚህ ሰው ሰላም ካለሽ በኋላ "ኬዝሽ ምን ደረሰ?" ነው የሚልሽ። ሌላ አገር እንዲወስዱን ስደተኞች ቢሮ የተከፈተልን ፋይል ማለት ነው፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ኬዝ ነው። እኔ በታላቅ ወንድሜ በጋሼ ሰይድ ኬዝ ላይ ነኝ፤ እሱ፣ ሚስቱ ሶፊያ፣ ልጃቸው ሒክማ፣ እኔ። ባለፈው ዓርብ ከማል ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ እንኳ ጋሼ ስለ ዘር ማንዘሩ ከመጠየቁ በፊት "ኬዙስ?" ነው ያለው። የከማል ደግሞ ውድቅ ሆኗል፤ ሽማግሌው ሼህ ዑመር ጉሮሯቸውን ጠርገው "ኬዙስ ተዘግቷል፤ ልቡ ግን አልተዘጋም" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ስቆ እሺ አለ፣ ዱዓ ተደረገ። ኒካሁ ግን ገና ነው። እኔ ከነጋሼ ጋር ልሄድ፣ ከዚያ ከማልን ለማምጣት ልሞክር፣ እንዲህ ነው የተባባልነው።

ነገ የመጨረሻው ኢንተርቪው ነው። የሒክማ እግር ዛሬም አብጧል። በምንሄድበት አገር ኩላሊቷን የሚያክም ሆስፒታል ተይዞላታል። ያ ረብ፣ ነገን በሰላም አሳልፈን።

እሑድ

ጉድ ሆንኩ።

ለየብቻ ነው ያስገቡን። መጀመሪያ ጋሼ። ሲወጣ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር፣ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው። ከዚያ እኔ። ጠያቂዋ ወረቀቷን እያየች ጠየቀችኝ፤ እንግሊዝኛዋን ሰምቻለሁ፣ ግን ጆሮዬን አላመንኩትም። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ በአማርኛ ደገመልኝ፦ "ባለቤትሽ አሁን የት ነው የሚኖረው?"

ባል የለኝም፣ እጮኛ ነው፣ ኒካህ አላሰርንም አልኩ። ጋሼ ለካ "በቤተሰብህ ላይ ለውጥ አለ?" ሲሉት "አዎ፣ እህቴን ድሬያለሁ" ብሏቸዋል። አግብታለች ማለት ነው? ሲሉትም አዎ ብሏል።

ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ደጋግማ አስረዳችኝ። ያገባች ሴት በወንድሟ ኬዝ ላይ አትቀጥልም፤ የራሷ ይከፈትላታል፣ ተራዋም ከመጀመሪያ ይጀምራል። አላገባሁም ካልኩ ደግሞ የጋሼ ቃል ሐሰት ሆነ ማለት ነው፤ ያኔ የአራታችንም ኬዝ እንደገና ይመረመራል። ምን ያህል ይቆያል? ትከሻዋን ሰበቀች። ልጅቱስ? "እሷም ኬዙ ውስጥ ናት" አለች። ሐሙስ ደውለው የመጨረሻ መልሴን ይቀበላሉ።



ሰኞ

ተጣላን። ማለት እኔ ጮህኩ፣ ጋሼ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ "በሽማግሌ ፊት እሺ ብዬ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ አልሰጠኋትም ልበል? ቃሌን ልብላ?" አለኝ።

ለሱ እሺ አለ ማለት ዳረ ማለት ነው። ኒካሁ የድግስ ቀን ነው እንጂ ጋብቻውማ ያለቀው ዓርብ ዕለት ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እየተባልን ነው ያደግነው፤ ወሎ ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው አይከራከረውም። እኔም አልከራከረውም ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ እውነቱን መናገሩ! እዚህ ቡላቅ ሰፈር ስንቱ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ እያለ በረረ። የኔ ወንድም ብቻ ቢሮ ገብቶ ቃሉን አክብሮ ወጣ። ደግሞ ሳይጠይቁት በፊት ገና አላገባችም በል ብዬ ለምን አልነገርኩትም? ማን ያስባል፣ ማን!

መግሪብ ሰግዶ ሲመጣ "ሄጄ ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ" አለኝ። ድምፁ ተሰብሯል። ሶፊያ ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ሂድ አላለችውም፣ የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥባለች። አልፈረድኩባትም፤ ልጇ ናት። "ቆይ ጋሼ፣ ተው" አልኩት።

ማክሰኞ

ከማልን ዶቂ ሜትሮው በር ላይ አገኘሁት። ናስር ሲቲ፣ ተማሪዎች የሚበሉበት ቤት ውስጥ ምግብ ይሠራል፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሚሸት ሲያገኘኝ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ሁሉን ነገርኩት። እቀራለሁ ማለት ነውና ደስ ይለው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ቢደሰት እጠላው ነበር። አልተደሰተም።

"ሼህ ዑመርን ልኬ እሺታውን ልመልስ። ያኔ ወንድምሽም አይዋሽም፣ አንቺም ትሄጃለሽ" አለኝ። አሰበውኮ! ግን ለቢሮው ያው ነው፤ ሁለት የተለያየ ቃል ተሰጥቷል፣ ምርመራው አይቀርም። ይህንን ስነግረው "ኸላስ፣ በቃ" ብሎ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ማየት ጀመረ። ኬዙ ከተዘጋ ወዲህ "ኸላስ" ያበዛል።

ቆይቶ፣ ከኔ ጋር መቅረት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ? አለኝ። አውቃለሁ። አንዲት ሻቃ ቤት ለመከራየት ደጅ መጥናት፣ መንገድ ላይ መታወቂያ ሲሉሽ ልብ ቀጥ ማለት፣ ልጅ ቢመጣ የት እንደሚመዘገብ አለማወቅ። እወደዋለሁ። ግን እወደዋለሁ ያልኩት መውጫ አለኝ ብዬ በማስብበት ጊዜ ነው፤ ያለ መውጫ ስንኖር ምን እንደምንሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ

ምንም አልሠራሁም። አይ፣ የሒክማን ልብስ ተኮስኩ።

ሶፊያ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች፣ ኢን ኬዝ። የኔን ሹራብ አጣጥፋ ከነሱ ልብስ ጋር ከተተችው። አወጣሁት። መልሳ ከተተችው። ሁለታችንም ቀና ብለን አልተያየንም።

ጎረቤታችን ኡም ማሕሙድ ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ "ማሌሽ፣ ማሌሽ ያ ዘሃራ" እያለች፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ ጨው የሌለው ሾርባ ይዛ መጣች። ሒክማ ጠጣችውና አላስመለሳትም። የዛሬ ድላችን ይኸው ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እግሯን በጣቴ ስጫነው ግን ይጎደጉዳል፣ ቶሎም አይመለስም። "አክስቴ፣ እዛ ትምህርት ቤት የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ አይደል? እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም" አለችኝ። እናያለን አልኳት።

ተስፋ የሚባለውን ነገር ዛሬ በየጥጉ ፈለግሁት፣ የለም። ብሄድ ባልሄድ፣ የምጎዳው ሰው ብቻ ነው የሚለያየው።

ሐሙስ

ደወሉ። ጋሼ ዙሁር ሊሰግድ ወጥቷል፤ ከሶላት በኋላ ቢሮ ሄዶ ዋሽቻለሁ ሊል ቆርጧል። ስልኩን ይዤ ወደ ደረጃው ወጣሁ። ያው የእሑዱ አስተርጓሚ ነው።

"የወንድምሽ ቃል ትክክል ነው ወይስ አይደለም?" አለኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሶፊያ ሒክማን ከፍራሹ ቀና ልታደርጋት ስትሞክር፣ ልጅቱ ስታቃስት ይሰማኛል።

"ትክክል ነው። አግብቻለሁ" አልኩ።

ለሴትዮዋ ሲተረጉምላት ሰማሁት፤ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ከወንድምሽ ኬዝ ትወጫለሽ፣ ገብቶሻል? ገብቶኛል። የነሱ ባለበት ይቀጥላል፣ በቅርቡ ይደወልላቸዋል። እሺ። ሴትዮዋ አመስግናኝ ከመስመሩ ወጣች። እሱ ግን አልዘጋም። የቢሮ ድምፁን ትቶ፣ እንደ አገሩ ሰው፣ "እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ" አለኝ።

አሜን አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ጋሼ ሲመለስ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አገኘኝ። ፊቴን አይቶ ገባው። "ከመሄዳችሁ በፊት ድረኸኝ ሂድ" አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠ። ሶፊያ ወጥታ ምሳ ቀረበ እስክትለን እዚያው ነበርን።