ለመንጃ ፈቃድ አሥራ ስምንት ጉ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሐምሌ ሩቅ ነው ብዬ ተዘናግቼ ነበር። ዛሬ ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከኋላዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ ልጅዎ አሥራ ስምንት ሞላው ወይስ አልሞላው?» አለኝ።

«ገና ነው። ሐምሌ ላይ ነው የሚሞላው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

የለኝም። የሳምሶን የክርስትና ወረቀት በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሐረር ስንሸሽ እዚህ በነበረን ቤት ቀርቶ፣ ስንመለስ ቤቱም ወረቀቱም አልነበሩም።

«ማስረጃ የሌለውን በዓይን ነው የምንገምተው» አለ። «ልጅዎ ደግሞ ረጅም ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም። ብሔራዊ ውትድርና ኮታ አለው፣ እሱም አለቃ አለው። የዚህ ዙር ስም ዝርዝር በቅርቡ ይሄዳል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ነጥብ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ቤት የተቀመጠ ልጅ መጀመሪያ ይታያል።

አንድ መንገድ አለ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ላንድሮቨር የሚነዳ ይፈልጋል። ሾፌሮቹን ለውትድርና አይወስዱም ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ። ለዚያ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለመንጃ ፈቃድ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላት። ስለዚህ ልጄ በመንገድ ትራንስፖርት አሥራ ስምንት፣ በቀበሌ አሥራ ሰባት እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ቢሮዎች ፊት ለፊት ናቸው።

ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። «እኔ እንኳ የወለድኩት አንድ ጊዜ ነው» አለች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ከትምህርት ቤት መልስ ሳምሶንን መንዳት ላለማምደው ከከተማው ውጪ ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። የምንለማመድበትን ላንድሮቨር ያዋሱን ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። አባቴ ሾፌር፣ እሳቸው ነጋዴ፤ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ጨርቅና ፓስታ ሲያመጡ ኖሩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሐጂ ቁልፍ ሲጠየቁ እምቢ ብለውኝ አያውቁም።

ጉ፣ የበልጉ ዝናብ፣ ጀምሯል። የምሥራቁ ሰማይ ጠቁሮ፣ ሣሩ ከመሬት ብቅ ብሏል። ሳምሶን ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናው እንኳ አልተነቀነቀም። ከእኔ ይሻላል። አልነገርኩትም።

እኔ በዚሁ ሜዳ መሪ ስይዝ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የዱቄት ከረጢት አጥፎ ከስሬ አደረገና፣ «እግርህ ፍሬኑ ጋ ይደርሳል?» አለኝ። ደረሰ። «እንግዲህ አንተም ደርሰሃል» አለ። የዕድሜ ጥያቄ ያ ብቻ ነበር። ሜዳው ላይ የሚገጩት ዛፍ እንኳ የለም። ግመል ቢኖር ግመሉ ራሱ ይሸሻል።

አሥራ አምስት ሲሆነኝ አባቴ ከቶጎጫሌ ሲነሳ መሪውን ሰጥቶኝ ይተኛ ነበር። ሐጂ በመሐላችን ተቀምጠው ተምር ያጎርሱኛል። አንድ ቀን ፖሊስ አስቆመኝ።

«አባትህ የት አለ?»

«ተኝቷል።»

«በል ቀስ ብለህ ንዳ፤ እንዳትቀሰቅሰው።»

ያኔ መንገዱ ላይ የነበረው መንግሥት ይኸው ነበር። ባቢሌ ስንደርስ አባቴ ይነሳል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ኦቾሎኒ ይገዛል፣ እስከ ሐረር ያለውን ጠመዝማዛ እሱ ይነዳል። ዳገቱን ለእኔ አልሰጠኝም። በሜዳ እንጂ በገደል አያምነኝም ነበር።

ይህን ለሳምሶን አወራሁለት። «ታዲያ አንተ በአሥራ ሦስት፣ እኔ በአሥራ ስምንት ለምን?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪና በዝቷል፣ ሕግ መጥቷል፣ አልኩት። የዕድሜው ወሰን ልክ መሆኑን ደግሞ አምናለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ካሉት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ብስክሌት የማላምነው ብዙ ነው። የእኔ ልጅ ሲሆን ግን ሌላ ይመስላል።

ስንመለስ የወታደር ኦራሎች መንገዱን ሞልተው ወደ ሐረር ሲሄዱ አገኘን። ዳር ይዘን ቆምን። ልጆች ናቸው የተጫኑት። አንዱ ለሳምሶን እጁን አውለበለበ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

መንገድ ትራንስፖርት ሄድኩ። ጸሐፊው ከደብረ ብርሃን በቅርቡ የተዛወረ ወጣት ነው። የልደት ማስረጃ ከሌለ ሦስት ምስክር አምጣ፣ አንዱ ግን ልጁን ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቅ ይሁን አለ። ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ አሉ። ሦስተኛው ከሐጂ ሌላ ማን ይሆናል?

ሱቃቸው ሄድኩ። ሻይ በወተት አስቀዱልኝ። ጾም ነው ስል ረስተው ኖሮ አፈሩ፤ ሌላ አዘዙ።

«መዓሊን፣ ምን ላድርግልህ?» እኔን ሁልጊዜ መዓሊን ነው የሚሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው።

ነገርኳቸው። አሥራ ስምንት ይበሉልኝ አልኩ።

«እኔ ሐጅ አድርጌያለሁ። ውሸት አልመሰክርም።»

«ልዩነቱ እኮ የሦስት ወር ነው።»

«ወር አላውቅም። እኔ ጉ ነው የምቆጥረው።»

እዚህ አገር የሰው ዕድሜ በጉ ይቆጠራል፤ ስንት ጉ አየህ ይባላል። እዚያው ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሳምሶን የተወለደው በሐምሌ፣ የዚያ ዓመት ጉ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን፣ ሰሞኑን የጀመረውን ጨምሮ፣ አሥራ ስምንት! ማንም አይዋሽም። ቀበሌ በዓመት ይቁጠር፣ ሐጂ በጉ ይቁጠሩ። ደስ ብሎኝ ሻዩ በረደብኝ።

«እሺ፣ በጉ ይቁጠሩልኝ» አልኩ።

«ቀበሌ ስንት ይለዋል?»

«አሥራ ሰባት ብያለሁ። በዓይን እንገምታለን ይላሉ።»

ሐጂ ብርጭቋቸውን አዙረው አዙረው አስቀመጡት። «ነገ እመጣለሁ» አሉ።

ለጥሩወርቅ በጉ መቁጠሩን ሳስረዳት፣ «ሒሳብ የምታስተምር አንተ አይደለህ፤ ካልክ እሺ» አለች። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ይህንን ሃያ ዓመት ነግሬያታለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ምን ብዬ ልጻፈው።

ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሳምሶን የእኔን ኮት ለብሷል። ጸሐፊው መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቀ።

«ይህን ልጅ ያውቁታል?»

«ስም ሳይወጣለት ነው የማውቀው።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

ሐጂ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ከተወለደ አሥራ ስምንት ጉ መጥቷል።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ሳምሶን አየኝ፤ አየሁት።

«ቆይ» አሉ ሐጂ። «መጥቷል አልኩ እንጂ ዘንቧል አላልኩም። ያልዘነበ ጉ፣ ጉ አይደለም። በረጅሙ ድርቅ ጊዜ አልዘነበም፤ አንድ አውጣ። ካቻምና አልዘነበም፤ ሁለት። ከጦርነቱ በኋላ ዘንቦ ነበር ይላሉ፤ እኛ ሐረር ነበርን፣ ማን አየው? ሦስት። አሥራ አምስት ቀረ። ጻፍ።»

«ሐጂ፣ ጢሙን አያዩትም እንዴ?» አለ ጸሐፊው።

«ፍየልም ጢም አላት።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ለመመስከር ተነስተው የነበሩት ባልደረቦቼ ተመልሰው ተቀመጡ። ጸሐፊው ሳቁን ሲጨርስ፣ «ከተወለደ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» ብሎ ጻፈ። ዕድሜው አሥራ አምስት ስለሆነ ለመንጃ ፈቃድ አልደረሰም የሚል ወረቀት ማኅተም መትቶ ሰጠኝ።

ውጪ፣ «ሐጂ፣ ምን አደረጉኝ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ምን አደረግኩ? ልጁ አልደረሰም» ብለው በካፊያው ውስጥ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ሳምሶን ኮቴን አውልቆ ሰጠኝና ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ሳምሶን አያናግረኝም። ለእናቱ ግን፣ «ሄጄ ራሴ እመዘገባለሁ። እነሱ ቢያንስ ትልቅ ሰው ነህ ይሉኛል» ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ምስሩ ከእጇ ተደፋ። «እኒያ ሽማግሌ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ» አለች።

ረፋዱ ላይ ቀበሌ አስጠራኝ። ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን ከፊቱ ዘርግቷል። ስለ ዕድሜው ማስረጃ አምጡ አለ። ከኪሴ የወጣው ትናንት የተሰጠኝ ወረቀት ነው። ሌላ ምን አለኝ? ሰጠሁት።

አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«አሥራ አምስት? አምና አይደል እንዴ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው?»

«ቶሎ ነው የገባው።»

«በሁለት ዓመቱ?»

ሊቀመንበሩ በር በሩን አየ። ከዚያ ማኅተሙን በጣቱ ነካ።

«ማኅተሙ የመንግሥት ነው። የመንግሥት ማኅተም ይዋሻል ብዬ እኔ አልፈርምም።» አንድ ስም ላይ መስመር አሰመረ። «መምህር፣ አሥራ አምስት ከሆነ ግን አሥራ አምስት ይሁን። መሪ ላይ እንዳላየው። እሑድ ደግሞ ለላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ልምምድ ከታዳጊዎቹ ጋር ይምጣ። ሰው ሁሉ ይየው።»

ወጥቼ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ሦስት ዓመት! መንጃ ፈቃድ ቢያገኝ ኖሮ አሥራ ስምንት መሙላቱን በመንግሥት ማኅተም አስመስክሬ፣ ያንን ወረቀት ይዤ ሾፌሮችን አይወስዱም የሚለውን ወሬ ተማምኜ ልቀመጥ ነበር። ያንን ወረቀት ፍለጋ መንገዱን የተሻገርኩት ራሴ ነኝ።

ጥሩወርቅ ሰምታ አለቀሰች፤ ሐጂን ግን ገና ይቅር አላለችም። ሳምሶን፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሕፃን ልሁን?» ብሎ በሩን ዘጋ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

የላንድሮቨሩን ቁልፍ ልመልስ ሄድኩ። ሐጂ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሬቱ ሲርስ የሚሸተው ያው የልጅነቴ ሽታ ነው። ያኔ በዚህ ወር ጭቃ ይይዘንና አባቴ ከመኪናው ሥር፣ ሐጂ ከመኪናው በላይ ሆነው ሲሳደቡ ስሰማ እውል ነበር፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሶማሌኛ። ቃላቱን እንኳ አልረሳሁም።

«ሐጂ፣ ስተው ነው ወይስ አውቀው?» አልኩ።

«ደረቅ ዓመት አይቆጠርም፤ እኔ ምን ላድርግ።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚቆጥሩት?»

ቁልፉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«የሁሴን ጊዜ ደረቁንም ቆጥሬ ነበር» አሉ።

ሁሴን የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ሳምሶንን በትከሻው እየተሸከመ ያሳደገው። በመጀመሪያው ዙር ወደ ሰሜን ሄደ፤ ከአንድ ደብዳቤ በኋላ ወሬው ጠፋ። ዕድሜውን ለቀበሌ ማን እንደመሰከረ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ተቀምጠን ዝናቡን አየን።

ቤት ገብቼ፣ እናቱ እየሰማች፣ ለሳምሶን ይህንኑ ብቻ ነገርኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ትንሽ ቆይቶ ውኃ በሣህን ቀዳ፣ ምላጬን ወሰደ፣ ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ ጢሙን ላጨ። ከንፈሩ ላይ ቆረጠው። እናቱ ጨርቅ አቀበለችው። ከዚያ ለሐጂ የሚሆን ሳምቡሳ ጠቅልላ፣ «ውሰድላቸው፤ ጾም ስለሆነ ምስር ነው በላቸው» አለችው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ልምምዱ ኳስ ሜዳ ነበር። ታዳጊዎቹን በቁመት እያሰለፉ ነው። ሳምሶን ቁምጣ ለብሶ መጣ፤ የራሱ ሳይሆን የእኔ የድሮ ቁምጣ። ከሁሉም አንድ ራስ ይበልጣል። መሐል ረድፍ አስገባሁት፤ አልረዳም። የሠፈር ልጆች፣ «ግመል! ግመል!» እያሉ ተሳሳቁ። ሊቀመንበሩ ጥላ ይዞ ዳር ቆሟል። ከአጠገቡ የማላውቀው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሹም አለ፤ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል።

ያ ሰው በረድፎቹ መሐል እያለፈ አንዳንዱን ያናግራል። ሳምሶን ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብሎ አየው።

«አንተ! ዕድሜህ ስንት ነው?»

ሊቀመንበሩ ጥላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ከትናንት ወዲያ ለእናቱ ያለው በልቤ አለፈ፤ «ቢያንስ ትልቅ ሰው ነህ ይሉኛል» ያለው።

«አሥራ አምስት!» አለ ሳምሶን።

ድምፁ የጎረመሰ፣ የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ነበር። ሜዳው ላይ ማንም አልሳቀም። ሰውየው ጥቂት ቆመና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ።