ያልተጠየቀ የሥዕል ዋጋ

ልጄ ሰላሀዲን፣

አላህ ጅቡቲ ላይ ክፉ አያሳይህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኔም እህትህ ሀምዳም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አዋሽ ሙቀቱ ብሶበታል። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ከጠፋበት ቆየ፤ ሻዩን በቴምር እየጠጣን ነው።

የጀማሉዲን ሆቴል ግድግዳ ላይ የሳልካቸው ቀንደ ረጃጅም ሳላዎች አሁንም እንዳማረባቸው አሉ። ሹፌሮቹ የሆቴሉን ስም ትተው «ሳላዎቹ ቤት እንገናኝ» ነው የሚባባሉት።

ያኔ ዋጋህን ልትጠይቀው ስትነሳ፣ «የወሎ ልጅ ሆኖ፣ አባትህን አብሮን የቀበረ ሰው እንዴት ገንዘብ ይጠየቃል? ራሱ ያስብበት» ብዬ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።  ሳትጠይቀው በሎጊያ በኩል በጭነት መኪና ጅቡቲ ሄድክ። ይሄ ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል። አደራ፣ እዚያ ብሩሽ ሳታነሳ ዋጋህን ተነጋገር፤ ያገር ልጅም ቢሆን።

ባለፈው ጁምዓ ጀማሉዲን ገንዘቡን ይዞ ቤት መጣ። «ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ሄደብኝ» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። አልተቀበልኩትም። «የሳለው ልጅ ራሱ መጥቶ ይጠይቅህ» ብዬ መለስኩት።

አላህ መንገዱን ያቅናልህ። እባክህ ልጄ፣ መጥተህ ጠይቀው። አሁን አልከለክልህም።

እናትህ ኡምሰልማ